‹‹ማን ፈቀደልህ?››፦ የእጅ ባለሙያና የፈቃድ ወረቀት ታሪክ፣ ከሸማኔው ጉድጓድ እስከ ዳንግላ ጥገና ቤት

ዛሬ የምናነሳው የነገሥታትና የጦር ሜዳ ታሪክ አይደለም። የመዶሻ፣ የመወርወሪያ፣ የፒንሳና የአንዲት ወረቀት ታሪክ ነው። ትንሽ ይረዝማል፤ ግን በእጃችሁ ሠርታችሁ የምታድሩ ወንድሞችና እህቶች እስከ መጨረሻው እንድታነቡት አደራ እንላለን።

ዳንግላ ውስጥ የአንድ ቤት ቧንቧ ቢያፈስ፣ ሶኬት ቢያጨስ ወይም የበር ማጠፊያ ቢሰበር የሚጠራ ልጅ አይጠፋም። ስሙን ሰፈሩ ያውቀዋል፣ ስልኩም በየቤቱ አለ። አንዲት ቦርሳ ይዞ ይመጣል፤ ውስጧ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ሴጌቶና ቴስተር አሉ። ሙያውን ከታላቅ ወንድሙ ወይም ከአንድ ጥገና ቤት በር ላይ ቆሞ እያየ፣ እያቀበለ፣ እየተቆጡት ተማረው። ወረቀት ጠይቆት የሚያውቅ የሰፈር ሰው የለም።

አንድ ቀን ግን ይጠየቃል። ወይ አንድ መሥሪያ ቤት ጥገና ሊያሠራ ሲፈልግ ‹‹ንግድ ፈቃድ፣ ቲን፣ ደረሰኝ›› ይለዋል፤ ሥራውን ወረቀት ያለው ሌላ ሰው ይወስድና ያው ልጅ በቀን ሒሳብ ይቀጠርበታል። ወይ ደግሞ የዘረጋው ሽቦ ይቃጠልና ‹‹ማን ፈቀደልህ?›› የሚል ጥያቄ ይመጣበታል።

ይህ ጥያቄ ለእኛ አዲስ አይደለም። አያቶቻችን ለዘመናት ተጠይቀውታል። በእነሱ ጊዜ ግን ጥያቄው ‹‹ሙያውን ታውቃለህ ወይ?›› ማለት አልነበረም። ‹‹አንተ የማን ነህ? የት ነው መሬትህ?›› ማለት ነበር። በእነዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለውን ልዩነት ያልተረዳ ወጣት ዛሬ ያለችውን ወረቀት ዋጋ አይረዳም።

መሬት የሌለው እጅ

በቀድሞው የሰሜን ኢትዮጵያ ሥርዓት ሰው የሚከበረው በርስቱ ነበር። ርስት ያለው ያርሳል፣ ይገብራል፣ በአገሩ ጉዳይ አፍ አለው። ሙስሊሙ ግን በአብዛኛው የክርስቲያን ደጋ አገር ርስት አይፈቀድለትም ነበር። ‹‹ሰማይ አምድ የለውም፣ እስላም አገር የለውም›› የሚለው የድሮ አባባል ከዚሁ የመጣ ነው። አባባሉ ያማል፤ ነገር ግን የጊዜውን ሕግ በአንድ መስመር ይናገራል። አገር ማለት መሬት ነበር፣ መሬትም አልተሰጠም።

በጎንደር ዘመን ይህ በአዋጅ ጭምር ተጠናከረ። እ.ኤ.አ. በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጊዜ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ተወሰነ። የጎንደሩ አዲስ ዓለም የሙስሊሞች ሰፈር ሆኖ የቆየው በዚህ ታሪክ ውስጥ ነው። ቤተ እስራኤሎችም ተመሳሳይ ዕጣ ደረሳቸው፤ መሬት ሲነፈጋቸው ብረት ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ግንበኛና አናጺ ሆኑ።

ሙስሊሙስ ምን ሠራ? ከሁለት አንዱን ያዘ፤ ወይ ንግድ፣ ወይ የእጅ ሥራ። በጎጃም በኩል በ19ኛው ክፍለ ዘመን የባሶ ገበያ ትልቅ ነበር። ሙስሊም ነጋዴዎች ከዚያ ተነስተው ዐባይን እየተሻገሩ ወደ ጉድሩና ከዚያም ወደ ደቡብ ምዕራብ ይወርዱ ነበር። ያልነገደው ሸማ ሠራ። ጉድጓድ ቆፍሮ፣ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አግብቶ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ሲወረውር ይውላል። ሚስቱና ልጆቹ ጥጥ ይዳምጣሉ፣ ይነድፋሉ፣ ይፈትላሉ። በብዙ የሰሜን ከተሞች ሸማኔነት ከሙስሊም ስም ጋር ተያይዞ የቀረው ለዚህ ነው።

ይህን ነገር ቆም ብለን እናስበው። አንድ ሰው መሬት ላይ እንዲቀመጥ አይፈቀድለትም፤ ነገር ግን ጌታው በበዓል ቀን የሚለብሰውን ኩታ የሚሠራው እሱ ነው። እጁ ተፈልጓል፣ እሱ ግን አልተፈለገም።

ያልተጻፈው ፈቃድ

በዚያ ዘመን ሸማኔ ወይም ብረት ቀጥቃጭ ለመሆን ከመንግሥት የሚወጣ የሙያ ወረቀት አልነበረም። ፈቃድ ግን ነበረ፤ ያልተጻፈ ፈቃድ። ሰጪውም ነሺውም ማኅበረሰቡ ነበር።

የሚነሳውም በስድብ ነበር። ብረት የሚሠራው ‹‹ጠይብ›› ተባለ፣ ቆዳ የሚያለፋው ‹‹ፋቂ››። ብረት ቀጥቃጩ ‹‹ቡዳ ነው፣ ሰው ይበላል›› ተባለና ጎረቤት ልጁን ሸሸገበት። የሚገርመው ‹‹ጠይብ›› የሚለው ቃል ራሱ ከ‹‹ጠቢብ›› ጋር ዝምድና አለው መባሉ ነው። ባለ ጥበብ ማለት የነበረው ቃል የስድብ ቃል ሆነ። ‹‹ባለእጅ›› የሚለውም እንዲሁ፤ የእጅ ባለቤት ማለት ማዕረግ እንጂ ስድብ ሊሆን ባልተገባው ነበር።

የዚህ ስድብ ጉዳት የስሜት ብቻ አይደለም። የተናቀ ሙያ አያድግም። አባት ለልጁ ማስተማር ያፍራል፣ ባለሙያ ከባለሙያ ውጭ አይጋባም፣ ዕውቀትም በጥቂት ቤቶች ውስጥ ተዘግቶ ይቀራል። አገሪቱ ማረሻዋን የሚሠራላትን ሰው እየሰደበች በማረሻው ታርስ ነበር።

ይህ ነገር አገር እንደሚጎዳ ከተረዱት መሪዎች አንዱ ዐፄ ምኒልክ ናቸው። በ1900 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች በሾሙበት በዚያው ዓመት፣ ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ጸሐፊውን፣ ነጋዴውንና ገበሬውን በሥራው ምክንያት የሚያዋርድ ሰው እንደሚቀጣ አስታወቁ፤ ስድቡንም በራሳቸው ላይ እንደተሰነዘረ እንደሚቆጥሩት ተናገሩ። መልእክቱም ሠራተኛ ከተሰደበ ሠሪ ይጠፋል፣ ሠሪ ከጠፋ አገር ባዶ ይቀራል የሚል ነበር።

አዋጁ ስድቡን በአንድ ቀን አላጠፋውም። ዛሬም በየገጠሩ ርዝራዡ አለ። ነገር ግን በእጅ ሠርቶ ማደር በመንግሥት ቃል ‹‹ክቡር ነው›› ተባለ። የፈቃድ ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ከስድብ መጠበቅ፣ ወረቀቱ ኋላ።

ዳንግላ ከተማ ስትሆን

አሁን ወደ ዳንግላ እንመለስ። ከባሕር ዳር ወደ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ፣ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ይህች ከተማ የቀድሞው የአገው ምድር አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከሱዳን ጋር ባለው ንግድ ምክንያት እንግሊዞች ቆንስላ ነበራቸው። ሮበርት ቺዝማን የተባለው ቆንስል እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ተቀማጭነቱን ዳንግላ አድርጎ ጣናንና ዐባይን እየዞረ አጠና፤ መጽሐፉንም በ1936 አሳተመ።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። ዳንግላ ላይ የጦር ሰፈር አደረገ፤ በየካቲት 1933 ዓ.ም. የአርበኞችና የእንግሊዞች ጦር ከሱዳን በኩል ሲገፋ ለቅቆ ወጣ። አምስት ዓመቱ የደም ዘመን ነበር። ነገር ግን አንድ ትዝታ በእጅ ባለሙያው ቦርሳ ውስጥ ቀርቷል። ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ሴጌቶ፣ ሞርሳ፣ ቡሎን፣ ሮንዴላ፣ ላሜራ፣ ፌሮ፤ እነዚህ ሁሉ የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው። መንገድና ጋራዥ፣ ሲሚንቶና ብየዳ በየከተማው እየተለመዱ ሲሄዱ ከሸማኔና ከቀጥቃጭ የተለየ አዲስ ባለሙያ ተፈጠረ። በያጅ፣ መካኒክ፣ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ኤሌክትሪክ ዘርጊ።

ለዚህ ለአዲሱ ባለሙያ የድሮ ስድብ የለውም። ‹‹ቡዳ›› ብሎ የሚሸሸው የለም። በምትኩ የመጣው ማዘጋጃ ቤት ነው። በ1937 ዓ.ም. የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 ወጣ፤ ከተሞች የራሳቸውን ገቢ እንዲሰበስቡና በከተማቸው የሚካሄደውን ሥራ እንዲቆጣጠሩ መሠረት ጣለ። ‹‹ፈቃድ›› የሚለው ቃል ከጌታ አፍ ወጥቶ ወደ ማኅተም የገባው በዚህ ዘመን ነው።

አንድ ጥሩ ሕግም ነበር

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ አንቀጽ ነበረው፤ አንቀጽ 9። የእጅ ባለሙያን ከነጋዴ ለየው። ብቻውን ወይም በቤተሰቡ እገዛ ወይም ከሦስት ባልበለጡ ሠራተኞችና ተለማማጆች የሚሠራ፣ በዋነኛነት በእጁ ሥራ የሚኖር ሰው እንደ ነጋዴ አይቆጠርም አለ። ይህ ማለት በነጋዴ ላይ የሚጫነው የመዝገብና የሒሳብ ግዴታ እሱን አይመለከተውም ማለት ነው።

ቀላል ነገር አይደለም። ሕጉ እዚህ ላይ ያየው እውነት አለ። ሸቀጥ አከማችቶ የሚሸጥ ሰውና ጉልበቱንና ዕውቀቱን ይዞ ቤት ለቤት የሚዞር ሰው አንድ አይደሉም። አንዱ የሚያተርፈው ከካፒታሉ ነው፣ ሌላው ከጣቱ። ይህን ልዩነት አስታውሱት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

በዚያው ዓመት የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ሁለት ነገር አደረገ። በአንቀጽ 2610 ጀምሮ የሥራ ውልን ደነገገ፤ አንድ ባለሙያ በራሱ ኃላፊነት አንድን ሥራ ሠርቶ ለማስረከብ ሲዋዋል ምን መብትና ግዴታ እንዳለው። በአንቀጽ 2031 ደግሞ አንድ ሙያ የያዘ ሰው የሙያውን ደንብ ጠብቆ የመሥራት ግዴታ እንዳለበት ወሰነ። በዝንጋታው ያደረሰውን ጉዳት ይክሳል።

ይሁን እንጂ ሙስሊሙ ባለእጅ በእነዚህ ሕጎች ፊት እኩል ቢሆንም በመሬት ጉዳይ ግን ገና አልተፈታም ነበር።

1966 እና ከዚያ በኋላ

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሞችና አብረዋቸው የቆሙ ክርስቲያኖች አደባባይ ወጡ። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ የመሬት ባለቤትነት ነበር። ዓመት ሳይሞላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967፣ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት። ‹‹አገር የለውም›› የተባለው ሰው እንደማንኛውም ገበሬ የሚያርሰው መሬት፣ እንደማንኛውም ከተሜ የቤት መሥሪያ ቦታ የማግኘት መብት በሕግ አገኘ። ሦስት የኢስላም በዓላትም ብሔራዊ በዓል ሆኑ።

ነገር ግን በአንድ እጅ የተሰጠው በሌላ እጅ ተያዘ። በ1968 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 76 የግል ንግድ ገደብ ተበጀለት። የችርቻሮ ካፒታል ከ200 ሺህ ብር፣ የጅምላ ከ300 ሺህ፣ የኢንዱስትሪ ከ500 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተወሰነ። በ1969 ደግሞ ሀሲዳ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የዕደ ጥበብና አነስተኛ ኢንዱስትሪዎች ልማት ድርጅት ተቋቋመ። ለባለእጁ ፈቃድ የሚሰጥ፣ የሚያደራጅና የሚያሠለጥን የራሱ መሥሪያ ቤት ተገኘ።

ሀሲዳ ጥሩም መጥፎም ነበረው። ጥሩው ባለእጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ የተቋቋመ የመንግሥት ተቋም ማግኘቱ ነው። መጥፎው ሥርዓቱ ያደላው ለኅብረት ሥራ ማኅበር መሆኑ ነው። ድርና ማግ፣ ቆርቆሮና ብረት በመንግሥት ዋጋ የሚደርሰው በቅድሚያ ለተደራጀው ነበር። ብቻውን የሚሠራው ሸማኔ ወይም ልብስ ሰፊ ወይ ማኅበር ይገባል፣ ወይ ከጥቁር ገበያ ይገዛል። ፈቃዱ ‹‹ሙያ አለህ ወይ?›› ከማለት አልፎ ‹‹ማኅበር አለህ ወይ?›› ማለት ጀመረ።

ንግድ ፈቃድ፣ ጥቃቅንና አነስተኛ፣ ሲኦሲ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ላይ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሪቱ ውስጥ በየትኛውም ቦታ በመረጠው ሥራ ተሰማርቶ የመኖር መብት እንዳለው ደነገገ። ከ‹‹አገር የለውም›› አባባል ጋር አስተያዩት። አንዱ አባባል ነበር፣ ሌላው የአገሪቱ የበላይ ሕግ ነው።

ከዚያ የፈቃድ አዋጆች ተከታተሉ። በ1989 አዋጅ ቁጥር 67፣ በ2002 አዋጅ ቁጥር 686፣ በ2008 አዋጅ ቁጥር 980፤ እሱም በ2011 በአዋጅ 1150 ተሻሻለ። በ1990 የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ስትራቴጂ ወጣ። ሀሳቡ ሥራ የሌለውን ወጣት አደራጅቶ በብየዳ፣ በእንጨት ሥራ፣ በኮንስትራክሽንና በጥገና ማሰማራት ነበር።

እዚህ ላይ ግን ቀደም ብለን ያልነው ልዩነት ደበዘዘ። በአዲሶቹ የፈቃድ አዋጆች አገልግሎት ሰጥቶ ገቢ የሚያገኝ ሁሉ ወደ ‹‹ንግድ ሥራ›› ተጠቃለለ። ቦርሳ ይዞ የሚዞረው ልጅና ትልቁ አስመጪ በአንድ አዋጅ ሥር ወደቁ። ቅጣቱም ለትልቁ የተሰፋ ነበር፤ በ2002ቱ አዋጅ ፈቃድ ሳይኖረው የሚነግድ ሰው ከ7 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና እስከ 300 ሺህ ብር መቀጮ ተደንግጎበት ነበር። በሰፈር ቧንቧ ጠጋኝ ላይ እንዲህ ያለ ቅጣት ሲፈጸም ማየት የተለመደ አይደለም። ግን የማይፈጸም ከባድ ሕግ ከሚፈጸም ቀላል ሕግ ይከፋል። ሰውየውን ዘወትር ጥፋተኛ አድርጎ ያኖረዋል፤ የተቆጣ ሰው ሁሉ ሊያስፈራራበት ይችላልና።

ሌላው አዲስ ነገር ግን ለእኛ ትልቅ ዜና ነው። በቴክኒክና ሙያ አዋጆች፣ በ1996ቱ ቁጥር 391 እና በ2008ቱ ቁጥር 954፣ የሙያ ብቃት ምዘና ሥርዓት ተተከለ። ሁላችሁም ‹‹ሲኦሲ›› የምትሉት ማለት ነው። የዚህ ሥርዓት መሠረታዊ ሀሳብ የት እንደተማርክ ሳይሆን ምን ማድረግ እንደምትችል መመዘን ነው። ከኮሌጅ የወጣውም፣ ከአባቱ ጋራዥ የተማረውም ቀርቦ ሊመዘን ይችላል። አስተዋላችሁ? ለስንት መቶ ዓመት ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረው፣ ማንም ያልመዘገበው ዕውቀት፣ አሁን በመንግሥት ማኅተም ሊረጋገጥ ይችላል።

ዛሬ የቱ ወረቀት ለምን ያስፈልጋል?

ብዙ ወጣት ‹‹ፈቃድ›› ሲባል ሁሉንም አንድ አድርጎ ስለሚያይ ይፈራል። ለየብቻ እንያቸው።

አንደኛ፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ፣ ሲኦሲ። ሙያውን ማወቅህን ይመሰክራል። በደረጃ የተከፈለ ነው። እሱ ብቻውን ሱቅ መክፈት አይፈቅድልህም፤ ንግድ ፈቃድ አይደለምና።

ሁለተኛ፣ የንግድ ምዝገባና ንግድ ፈቃድ። በራስህ ስም ሥራ ይዘህ ገቢ ለማግኘት ነው፤ የሚጠየቀውም ከከተማው የንግድ ጽሕፈት ቤት ነው። በአንዳንድ የሥራ መስክ መጀመሪያ የብቃት ማረጋገጫ ይፈለጋል። በየዓመቱ ይታደሳል፤ በ980/2008 ሥርዓት ያለ ቅጣት የሚታደስበት ጊዜ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ለሌላ ሰው ተቀጥረህ በደመወዝ የምትሠራ ከሆነ ግን ፈቃዱን የሚያወጣው አሠሪህ ነው።

ሦስተኛ፣ ቲን። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርህ ነው። ያለ እሱ ፈቃዱም አይወጣም፣ ደረሰኝም አይታተምም፣ መሥሪያ ቤት ሥራ አይሰጥህም።

አራተኛ፣ የራሳቸው ፈቃድ ያላቸው ሥራዎች። ኤሌክትሪክ ከእነዚህ አንዱ ነው። በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 መሠረት በኤሌክትሪክ ሥራ ለሚሰማሩ ባለሙያዎችና ተቋራጮች የብቃት ማረጋገጫ የሚሰጠው ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የተበላሸ ቧንቧ ወለል ያረጥባል፣ የተበላሸ ሽቦ ሰው ይገድላል።

አምስተኛ፣ የግንባታ ፈቃድ። ይህ የባለሙያው ሳይሆን የቤቱ ባለቤት ጉዳይ ነው። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ከ10 ሺህ በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች ላይ እንዲሠራ ተደነገገ፤ ዳንግላም ከእነዚህ አንዷ ናት። ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፈለ፤ ተራው ባለ አንድ ፎቅ ያልሆነ መኖሪያ ቤት የገባው በምድብ ሀ ነበር። ለመገንባት፣ ለማፍረስ፣ አገልግሎት ለመቀየር ሲታሰብ መጀመሪያ ፈቃድ ይጠየቃል። ግንበኛ ወንድሜ፣ ባለቤቱ ‹‹ግድግዳውን አፍርስልኝ›› ሲልህ ‹‹ፈቃዱን አውጥተሃል?›› ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሥራው ሲቆም ቀንህን የምትከስረው አንተ ነህ።

መመሪያና ክፍያ ስለሚለዋወጥ ዝርዝሩን ከጽሕፈት ቤቱ መስኮት ጠይቁ። ከደላላ አትጠይቁ።

በእስልምና ታሪክስ?

አንዳንድ ወንድሞች ‹‹ሪዝቅ ከአላህ ነው፣ ወረቀት ምን ያደርጋል?›› ሲሉ ይሰማል። ሪዝቅ ከአላህ መሆኑ ጥርጥር የለውም። ነገር ግን በሙስሊም ከተሞች ታሪክ የባለሙያ ቁጥጥር እንግዳ ነገር አልነበረም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ወርደው እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ አስገብተው ከሥር የተደበቀውን እርጥብ ማውጣታቸው፣ ሻጩንም መገሠጻቸው የታወቀ ነው።

ከዚህ መንፈስ ሒስባ የሚባለው ተቋም አደገ። ሙሕተሲብ የተባለው ሹም ገበያውንና ሙያተኛውን ይቆጣጠራል። እ.ኤ.አ. በ12ኛው ክፍለ ዘመን በሻም የኖረው አሽ-ሸይዘሪ ስለዚሁ ሥራ በጻፈው መጽሐፍ ዳቦ ጋጋሪውን፣ አንጥረኛውን፣ ሸማኔውንና ሐኪሙን በየተራ ያነሳል። ሙሕተሲቡ ሁሉንም ሙያ ሊያውቅ ስለማይችል ከየሙያው አንድ አዋቂና ታማኝ ሰው፣ ዐሪፍ፣ እንዲሾም ይመክራል። ዛሬ መዛኝ የምንለውን ሰው ማለት ነው።

ኃላፊነትም አለ። ሕክምና እንደሚያውቅ ሳይታወቅ ሰው ያከመ ለደረሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሆነ የሚገልጽ ሐዲስ አቡ ዳውድና ሌሎችም ዘግበዋል። የፊቅህ ሊቃውንት ደግሞ የሰው ንብረት የተረከበ ባለእጅ ስለሚከፍለው ካሳ በሰፊው ተወያይተዋል፤ ዐሊይም (ረ.ዐ) ባለእጆችን ያስከፍሉ እንደነበር ይተላለፋል። ይህን ከፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2031 ጋር ብታስተያዩት መንፈሱ ይቀራረባል፤ ሙያ የያዘ ሰው የሰው ነፍስና ንብረት አማና ይዟል። ነቢዩላህ ዳውድ ብረት ይሠሩ እንደነበር፣ ነቢዩላህ ዘከሪያ አናጺ እንደነበሩ የምናውቅ ሰዎች በእጅ ሥራ አናፍርም። ያለ ዕውቀት የሰው ቤት መንካት ግን ያሳፍራል።

ታሪኩ ምን ይለናል?

ከላይ የተጻፈውን በአንድ ትንፋሽ እናጠቃልለው። መጀመሪያ እጃችን ተፈለገ፣ እኛ ግን አልተፈለግንም። ቀጥሎ ስድቡ በአዋጅ ተከለከለ። ቀጥሎ ሕግ ‹‹አንተ ነጋዴ አይደለህም፣ ባለእጅ ነህ›› አለን። ቀጥሎ ‹‹ማኅበር ግባ›› ተባልን። አሁን ‹‹ፈቃድ አውጣ›› ተብለናል።

እውነቱን ለመናገር የዛሬው ሥርዓት ጉድለት አለው። ለባለ ቦርሳው ልጅ የተሰፋ ልብስ አይደለም። የ1952ቱ ሕግ ያየውን ልዩነት መልሶ ቢያየው፣ ለአንድ ሰው ጥገና ሥራ ቀላልና ርካሽ ምዝገባ ቢያበጅለት ለመንግሥትም ለሕዝብም ይጠቅማል። ይህን መጠየቅ መብታችን ነው። ግን የሚሰማው መዝገብ ላይ ያለ ሰው ሲጠይቅ ነው። በመዝገብ የሌለ ሰው ቅሬታውም አይመዘገብም።

የቅድም አያትህን ሁኔታ አስብ። ሸማ የመሥራት ችሎታው ላይ ማንም ጥርጥር አልነበረውም፤ ኩታውን ሁሉም ለብሷል። የተነፈገው ‹‹ይህ ሰው የዚህ ከተማ ሰው ነው፣ ይህ ሙያ የእሱ ነው›› የሚል የምስክር ቃል ነው። ዛሬ ያንን ቃል የያዘ ወረቀት በአንድ መስኮት ይሰጣል፤ መስኮቱም በሕግ ሃይማኖትህን አይጠይቅህም። መስኮቱ ጋ ለመሄድ የሚፈጀው የጥቂት ቀናት ምልልስ ያሰለቻል፣ እናውቃለን። አያትህ ግን የሚመላለስበት መስኮት እንኳ አልነበረውም።

ስለዚህ ዳንግላም ሆንክ እንጅባራ፣ ባሕር ዳርም ሆንክ ደሴ፣ ሙያ በእጅህ ካለ ዘንድሮ አንድ ነገር አድርግ፤ በሙያህ ለምዘና ተመዝገብ። ሁሉንም ወረቀት በአንድ ቀን አታወጣም፤ ከሙያው ምስክር ጀምር፣ ሌላው ይከተላል። በጥገና ቤት ብዙ ዓመት የሠራችሁ ታላላቆች ደግሞ አብሯችሁ ያለውን ልጅ ‹‹ፒንሳ አቀብለኝ›› ብቻ አትበሉት፤ ለምዘና እንዲቀርብ ገፋ አድርጉት። በየመስጂዱ ያላችሁ ጀማዓዎች የምዘና ክፍያ ያቃተውን ወጣት መርዳት ትችላላችሁ፤ አንድ ጊዜ ተከፍሎለት ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶ ያድርበታልና።

በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ሰው ‹‹ማን ፈቀደልህ?›› ሲልህ የምታሳየው ነገር ይኑርህ።

ወሏሁ አዕለም። የጠቀማችሁ ከሆነ ቦርሳ ይዞ ለሚዞር አንድ ወንድማችሁ አድርሱት።